ረምዚ የሚባሉት ጆንያዎች

ለአባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከርመህልኛል? ዐይንህስ? ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶልህ የወንድሜን የረምዚን ልጆች መልክ ለይተህ አየህ ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እማማም ስትሰማ «እሰይ፣ እንግዲህ ሲመጣ የእኔን ሽበት ሊቆጥር ነው» አለች። የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ቀልድ አያውቅም ይላሉና በጠዋት ካልሆነ ከቤት አትውጣ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። በለሱ ዘንድሮ ቶሎ ደርሷል፤ የታችኛው ዛፍ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ላሜራ ቀጥቃጫችን አቡ ነሲፍ መንጋጋውን ተነቅሎ ለጥቂት ቀናት አፉን ይዞ ዋለ፤ ጋራዣችን እንደዚያ ሰላም አግኝቶ አያውቅም። አሁን ድኖ ያጠፋውን እያካካሰ ነው። ሦስቱም እህቶቼ ከነባሎቻቸው ሰላም ይሉሃል።

ይህን የሚያደርስልህ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፤ ለሥራ ወደዚያ ይመጣል። አንድ ነገር ልለምንህ፦ ራስህ አንብበው። ዐይኔ ደከመ ብለህ ለረምዚ እንዳትሰጠው። ከደከመህ አጥፈህ ኪስህ ከተተውና ነገ ቀጥል። በስልክ ያልነገርኩህም ለዚሁ ነው። በስልክ ገና «አባባ፣ ስለ መኪናው» ስልህ «ቆይ፣ ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሪ» ትልና መነጋገሪያውን ለእሱ ታቀብለዋለህ። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ሳትሰማኝ የምታቀብለው ነገር አይደለም።

ያን ዕለት ከቅዳሴ መልስ ደውለህ ያልከኝን ታስታውሳለህ። ረምዚ ለእመቤታችን በዓል አብሮህ እንደሚመጣ፣ በገዛ መንደራችን አቀበት የሚደረገውን ውድድር እሱ እንደሚነዳ፣ ቀዩን ቢኤም መኪናችንን እንዳሰናዳለት ነገርከኝ። እኔም «እሺ አባባ» አልኩህ። እሺ ያለው አፌ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እሺ ማለት ስለለመደ ከእኔ ቀድሞ ይመልሳል። አሁን እኔ ልመልስልህ። አይሆንም። መኪናውን አልሰጥም። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ስሜንም አስመዝግቤያለሁ።

ይኸኔ ወረቀቱን ጥለህ ተነሥተህ ክፍሉን ወዲያ ወዲህ እያልክ እንደሆነ አውቃለሁ። በል ተንጎራደድና ተመለስ፣ እጠብቅሃለሁ። ገና ምኑ ተነካና።

ረምዚ ወደዚያ ከሄደ ጀምሮ ቢኤሙን የምነዳው እኔ ነኝ። ከዚያ ጀምሮም የሰው አፍ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ የመካኒኩ ልጅ ቀኝ ኩርባ ትፈራለች። አልዋሽህም፣ ቀኝ ኩርባ ላይ ሌላ ሰው እሆን ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ የመኪናው ጅራት ይቀለኛል፣ ሊያመልጠኝ ይላል። አቀበቱን ስንወጣ ገደሉ በግራ ነውና ጅራቱ የሚሄደው ወደ ገደሉ ነው፤ እግሬ ሳላዘው ከነዳጁ ላይ ይነሣል። ወደ ግራ ስጠመዝዝ ደግሞ ተቃራኒው፣ አፍንጫው ይከብድና አልታጠፍ ይለኛል። ይሄኛውን ግን ማንም አያወራውም። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ቀኝ ኩርባ ላይ ነዋ፣ ገደሉ ማንን እንደሚበላ ለማየት።

አብሮኝ የሚወዳደረው የነዳጅ ማደያው ሺብል ምን ይለኝ እንደነበር ራስህ ሰምተሃል። «ሙንተሃ፣ አንቺ ቀኙን ኩርባ እስክትጨርሺ እኔ ቤት ገብቼ በለስ ልጬ እበላለሁ» ይለኛል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሄልሜቴን ማሰሪያ እየቋጠርኩ ሳለ። ሁሉም ይስቃል። አንተም አንገትህን ደፍተህ ጎማ ትነካካለህ። ያን ጊዜ «ልጄን ተዋት» እንድትለው ስንት ጊዜ እንደጠበቅኩ ብነግርህ አታምነኝም።

ታዲያ እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፣ ነግሬህ ነበር። ጅራቱ በቀኝ ይከዳኛል፣ አንድ ነገር አድርግ እልሃለሁ። አንተ ደግሞ የፊቱ ዘንግ ጋ ትገባለህ። ልጅ ሳለሁ የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተህ ከመኪናው ሥር ያሳየኸኝን ዘንግ ማለቴ ነው። በእጅህ እየዳበስከው «አንዱ ጎማ ሲያጎነብስ ሌላውን አብረኸኝ አጎንብስ ብሎ የሚጎትተው ይሄ ነው፤ እሱ ባይኖር መኪናችን ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ይጋደም ነበር» አልከኝ። ጫፉ ላይ የተደረደሩትን ቀዳዳዎችም በጣቴ አስነካኸኝ፤ ዘንጉን ከጎማው ጋር የምታገናኘው ማያያዣ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ስትገባ ዘንጉ ይጠነክራል፣ ወደ ጫፍ ስትወጣ ይለዝባል። እናም ጅራቱ ከዳኝ ባልኩህ ቁጥር አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ታስገባና «አፍንጫው ከከበደ ጅራቱ ይታዘዛል፤ ለአንቺ እንዲህ ይሻልሻል» ትለኛለህ። የጫፉን ቀዳዳ ስጠይቅህ መልስህ አንድ ነው። «እሱ የረምዚ ነው።»

እንዲህ ቀዳዳ ስንቀያይር ኖርን። አፍንጫው እየከበደ ሄደ እንጂ ጅራቱ አልታዘዘም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው፤ የመኪናው በሽታ የእኔ ፍርሃት ተባለ።

አሁን ወደ ጆንያዎቹ ልምጣ። ዘንጉ ሲታሰር ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ያልከው አንተ ነህ። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ረግጦ፣ ነጂውን ተሸክሞ፣ ያን ጊዜ የማያያዣዋ ብሎን ይግባ። በሁለት ጣት ተገፍቶ ከገባ ዘንጉ ሰላም ነው። በመዶሻ ከገባ ግን መኪናው ሳይንቀሳቀስ ዘንጉ ተጠምዟል፤ አንዱን ኩርባ ይወዳል፣ ሌላውን ይጠላል። ይህን ለስንቱ ወጣት መካኒክ እየደጋገምክ ስታስተምር ሰምቼሃለሁ።

ረምዚ በሄደ ሰሞን መኪናው ለውድድር መሰናዳት ነበረበትና ወንበሩ ባዶ ሆነብህ። ማን ይንዳው ገና አልተወሰነም ነበር። ጆንያዎች አሸዋ ሞልተህ፣ የረምዚን ክብደት አድርገህ፣ ወንበሩ ላይ ደራርበህ በቀበቶው አሰርካቸው። አቡ ነሲፍ ከላሜራው ቀና ብሎ «እንኳን ደህና መጣህ ረምዚ፤ ተመስገን፣ ወሬ ቀንሰህ ነው የመጣኸው» ሲል ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሳቅህ። እማማ ብቻ ምሳ ያመጣችበትን ትሪ እንደያዘች ተመልሳ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ጆንያዎቹ ስማቸው ረምዚ ሆነ። ረምዚን አምጡት። ረምዚን አስቀምጡት። ረምዚን ዝናብ እንዳይመታው ወደ ውስጥ አግቡት።

ደግሞ እኔ መንዳት ከጀመርኩም በኋላ ሥራው በዚያው ቀጠለ። እኔ ራሴ፣ አባባ፣ እኔው ራሴ በትከሻዬ እየተሸከምኩ ወንበሬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንድም ቀን «ቆይ፣ ነጂዋ እኔ አይደለሁም እንዴ» አላልኩም። ስሙ ቀልድ ስለነበር ማንም አልመዘነውም። ቀልድ ሲደጋገም የቤት ዕቃ ይሆናል፣ ማንም አያየውም።

ያን ዕለት ስልኩን ዘግቼ፣ እንዳዘዝከኝ መኪናውን ለረምዚ ላሰናዳ ጋራዥ ገባሁ። ሥራ ሥራ ነውና ቢኤሙን ጉድጓዱ ላይ አቆምኩና አቡ ነሲፍን «ረምዚን አምጣው» አልኩት። ራሱን ማከክ ጀመረ። ነገሩ ለካ የዶሮ ቤቱን ግድግዳ ሲለስን አሸዋ አንሶት ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶታል። «ምን ላድርግ፣ ረምዚ ግድግዳ ሆኗል» አለኝ። ተናድጄ «ታዲያ አሁን ምን እናስቀምጥ» ስለው አፍጥጦ አየኝና «አንቺው ግቢያ፤ ሰው አይደለሽም?» አለኝ።

ገባሁ። እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ብሎኑን ሊያወጣ መታገል ያዘ። ከሥሬ ሲያለከልክ ይሰማኛል። «ይሄ ነገር አልወጣም አለ፤ የማን አባት ነው ያሰረው?» ይላል። «የእኔ» አልኩት። መዶሻ አነሣ። አንዴ መታው፣ ደገመው፣ ከዚያ ብሎኑ እንደ ጥይት ጮኾ ወጣና ግድግዳው ላይ ነጠረ። መኪናው ከበታቼ ተንቀሳቀሰ። ተጨምቆ የተያዘ እርጥብ ጨርቅ ሲለቁት ፈታ እንደሚለው ፈታ አለ። በወንበሩ በኩል ተሰማኝ። አቡ ነሲፍ መሳደቡን ተወ፤ እሱ ሲሳደብ ሳይሆን ሲተው ነው የሚያስፈራው።

«ውጣ» አልኩት። «ወንበሩ ላይ አንተ ግባ።» አቡ ነሲፍ ቁመቱም ውፍረቱም ከረምዚ ጋር እኩያ ነው፤ በገዛ ሠርጉ ቀን የረምዚን ኮት ተውሶ የቆመ ሰው አይደል። እሱ እያጉረመረመ ገባ፣ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ብሎኑን ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጌ አነሣሁና ቀዳዳው ላይ አስጠጋሁት።

በሁለት ጣቴ ገባ፣ አባባ። ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ።

እንባ አልመጣልኝም። ንዴት ነው የመጣልኝ። እዚያው በዘይትና በጨለማ ውስጥ ቆሜ በማላውቀው አፍ ተሳደብኩ፤ ዘንጉን፣ ጆንያውን፣ ገደሉን፣ ሺብልን፣ አንተንም። ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ስለ አንተ ያልኩት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ቀኝ ኩርባ ስደርስ የምንቀጠቀጠው እኔ ሳልሆን ዘንጉ ነው። እኔ ቀላል ነኝ፤ እኔ ስቀመጥ የግራው ጎን እንደ ረምዚ ሲቀመጥ አይወርድም፤ ዘንጉ ግን ረምዚን እየጠበቀ ታስሯል። አንተ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ባስገባኸው ቁጥር ይበልጥ አስከፋኸው። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ «ለምንድነው የምፈራው? ከማን ወረስኩት?» እያልኩ ስንቴ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከማንም አልወረስኩትም። አልፈራምም ነበር።

አቡ ነሲፍ ከላይ ሆኖ «ምን ሆንሽ፣ እባብ አለ እንዴ?» አለኝ። ነገርኩት። «እኔማ ያመላለስኩት አሸዋ ነው፤ ረምዚን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወርዶ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ማያያዣዋን ጥርስ በጥርስ እያዞረ አስረዘማት፣ አሳጠራት፣ ብሎኑ በሁለት ጣት እስኪገባ። ወንበሩ ላይ ሆኜ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፎቶ እንደሚያነሡኝ። «የትኛው ቀዳዳ ላይ ልሰረው?» አለ። «ጫፉ ላይ» አልኩት። «እሱ እኮ የረምዚ ነው» አለኝ። «ረምዚ ግድግዳ ሆኗል አላልከኝም?» አልኩት። ሳቀና አሰረው።

ባለፈው እሑድ በማዶው ተራራ ውድድር ነበር፣ ሰምተህ ይሆናል። ሄድኩ። ሳላስፈቅድህ ነው የሄድኩት። ለእማማ ብቻ ነገርኳት፤ ዳቦ በዛዕተር ቅመምና በዘይት ቀብታ ጠቅልላ ሰጠችኝና «በረንዳ ላይ ወጥቼ አልሰማም፣ መስኮቱንም ዘግቼ እቀመጣለሁ» አለችኝ። ከማዶ ድምፁ እንደሚሰማ፣ የቢኤማችንንም ድምፅ ከሌላው እንደምትለይ ሁላችንም እናውቃለን።

ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ግራ ነው፤ አፍንጫው ሳልለምነው ታጠፈ። ከዚያ ቀኙ መጣ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ገደሉ አናት ላይ ተደርድሯል። እግሬ በልማዱ ሊነሣ ተዘጋጅቷል። አላነሣሁትም። ጅራቱ ተከተለኝ። ምንም አላደረገም፣ አባባ፣ በቃ ተከተለኝ፤ ግራው ላይ እንደተከተለኝ። ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ተሰማኝ። የቀሩትን ኩርባዎች እንዴት እንደወጣሁ በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ለአንዱም እንዳልሰጋሁ ነው።

አንደኛ አልወጣሁም፤ አንደኛ የወጣው ከባሕር ዳርቻው ከተማ የመጣ፣ መኪናው የእኛን መንደር የሚገዛ ሰውዬ ነው። ሺብልን ግን በሰፊው ቀደምኩት። ውጤቱ ሲነበብ መጥቶ መኪናዬ ሥር ተንበርክኮ ማየት ጀመረ። «አባትሽ ከዚያ ሆኖ በስልክ አሰረልሽ እንዴ? ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ። «ተቀመጥኩበት» አልኩት። አልገባውም። ይግባው ብዬም አላብራራሁለትም። «ይልቅ በለሱን ልጠህ ጨረስክ?» ብዬው ሄድኩ። በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ሳቁበት። ጥሩ ሰው ብሆን ኖሮ ባዘንኩለት ነበር፤ ያን ቀን ጥሩ ሰው መሆን አላማረኝም።

አሁን ያንተን ነገር ልናገር። አንተ የመኪና ሞላ በመዳፍህ ተጭነህ ድካሙን የምታውቅ ሰው ነህ። እኔ ከረምዚ እንደምቀል አላወቅኩም ብትለኝ አላምንህም። ወይም አውቀህ አላሰብከውም፣ ወይም አስበኸው ልብህ እንቢ አለህ። ወንበሩ የልጅህ ነው፤ እስኪመለስ ማንም ልክ አይሆንበትም፤ ሙንተሃ ታሞቀው እንጂ። ናፍቆህ ነው፣ ይገባኛል። እኔንም ይናፍቀኛል። ናፍቆትን ግን በብሎን አያስሩትም፤ ሰው ይገድላል። እኔን ገድሎኝ ቢሆን ኖሮ «ድሮም ቀኝ ኩርባ ትፈራ ነበር» ተብሎ ነበር የምቀበረው። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ ሞቱ አይደለም።

ስሜንም ስታወጣ ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። ከሦስት ሴት በኋላ አራተኛ ስመጣብህ ሙንተሃ አልከኝ፤ ማለቂያ፣ ሴት ልጅ እዚህ ላይ ያብቃ ማለት ነው። አልተቀየምኩም፣ መንደሩ በሙንተሃ የተሞላ ነው። ግን ያለቀው የሴት ልጅ መወለድ ነው እንጂ እኔ አላለቅኩም። እኔ የምመዝነውን እመዝናለሁ። መኪናውም አሁን በእኔ ልክ ታስሯል፣ ማንም አይፈታውም። አንተም ብትሆን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ።

ረምዚ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳ ቀን በመንደራችን አቀበት ከምንጩ ኩርባ በታች መኪናውን አቁሞ በእግሩ ወረደ። «ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ» አለን። ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር፤ ከንፈሩም ደርቋል። እማማ ውኃ ስትሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የያዘው። ብዙም ሳይቆይ የባሕረ ሰላጤውን ሥራ ተቀበለ። ያን ሰሞን ፍሪሲዮኑን አወረድከው፤ መብራት ይዤልህ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አየኸው። አገላብጠህ አየኸው። በጨርቅ ጠረግከውና ያንኑ መልሰህ ገጠምከው። ለሰው ሁሉ «አዲስ ቀየርኩ» አልክ። እኔም አልጠየቅኩህም፤ ዝም አይነቅዝም። ያው ፍሪሲዮን እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ባለፈው እሑድም አብሮኝ ወጣ።

ያን ዕለት «እሺ» ካልኩህ በኋላ ስልኩን ስታቀብለው ረምዚ መጀመሪያ ጮክ ብሎ «መኪናዬን አሳምሪልኝ» አለኝ፤ አንተ አጠገቡ ነበርክ። ትንሽ ቆይቶ፣ አንተ ወደ ልጆቹ ዞር ስትል ይመስለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ለመነኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍልህም፣ ምያለሁ። ደግሞም ይህን ደብዳቤ እዚህ ድረስ ካነበብክ ከእኔ መስማት አያስፈልግህም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ወረቀቱን ቀድደህ ጣለው። ከዚያ ራት ላይ፣ ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት፣ ጮክ ብለህ ተናገር። እህትህ መኪናውን ከለከለች በለው። ትዕቢቱ አናቷ ላይ ወጥቶባታል፣ አባቷንም አልሰማ ብላለች፣ ስሟን አስመዝግባ ጨርሳለች በለው። ይቆጣ። ጠረጴዛ ይምታ። ደውሎ ይጩህብኝ፣ ልጆቹ እየሰሙ፤ እኔም እጮኽበታለሁ፣ ስልኩንም ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። መንደሩ «ሙንተሃ የወንድሟን ወንበር ነጠቀች» ይበል። ልክ ነው፣ ነጥቄዋለሁ። ከእኔ አስለቅቆ የሚወስደው ወንድ የለም።

ለበዓሉ ግን ይምጣ። ልጆቹን ይዞ ይምጣ፣ ከእማማ ጋር በረንዳው ላይ ይቀመጥ፣ ሲያሰኘው ወደ ላይ ወጥቶ ይይ፣ ካላሰኘው ይተኛ። «አንተ ለምን አትነዳም?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ እኔ ጋ ላኩት።

ፈጣሪ ዐይንህን ያብራልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ በሰላም ወደ ደጅህ ይመልስህ። የረምዚን ልጆች በእኔ ስም ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ረምዚንም ሳመው፤ በእኔ ስም ግን አትበለው፣ ተኳርፈናል።

መኪናውን ለወንድሟ የከለከለችው
ልጅህ